ጠፋህ እኮ!

ፈጠራ ነው የሚል ካለ ቦንጋ ይምጣ፣ ሱቄን አሳየዋለሁ። የሆነው በእኔ በራሴ ላይ ነው።

ማክሰኞ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ዝናቡ አላባራም።

እትዬ አሰለፈች የሟች ባላቸውን ላፕቶፕ በፌስታል ጠቅልለው ወደ ጥገና ቤቴ መጡ። ጎረቤቴ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል።

«ማዕረግ ልጄ፣ የጋሽ ሰብሃት ድምፅ እዚህ ውስጥ አለ። አልከፈት አለኝ። አንዴ ብቻ ልስማው...»

ሞከርኩት። የድምፅ ፕሮግራሙ አይነሳም። አንድ ፋይል ጠፍቷል ይላል።

«ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባት ፋይል ናት» አልኳቸው። «እንደ ግቢ ቧንቧ ይቁጠሯት። እሷ ከሌለች የሁሉም ጀሪካን ባዶ ነው።»

«ታዲያ ከጎረቤት አይቀዳም?»

«ይቀዳል» ብዬ ሳቅኩ።

ደንቡ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ መጫን ነበር። ግን ኔትወርክ የለም፣ እኔም መጠበቅ አልወድም። ያቺው ፋይል የእኔ ኮምፒውተር ላይ ነበረች። በፍላሽ አሻገርኳት።

ተከፈተ።

«አሱ... አለሁ» አለ የጋሽ ሰብሃት ድምፅ።

እትዬ አለቀሱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ስምህን ማን አልከኝ፣ ልጄ?»

ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት።

ከሄዱ በኋላ የራሴ ኮምፒውተር ያንኑ መልእክት አወጣ። አንድ ፋይል ጠፍቷል...

ያኔ ገባኝ። መቅዳት ሲገባኝ ቆርጬ ነው የሰጠሁት። ፍላሹ ላይም አልቀረችም።

ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ። ከሱቄ ጎን ፎቶ ኮፒ የሚሠራው ሳሙኤል እጁን አነሳልኝ።

«አንተ ሰው፣ ጠፋህ እኮ!»

ምሳ አብረን ነበር የበላነው።

ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ኢሳይያስ ነው፣ ጠዋት ሥራ ያደረሰኝ እሱ ነው።

«ጠፋህ እኮ!» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

ቤቴ ደርሼ አንኳኳሁ። ሚስቴ ሩሀማ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«አቤት... ማንን ፈልገው ነው?»

በአንቱታ።

«ሩሀማ... እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም።»

ዘጋችው። አልጮህኩም። መጮህ ነበረብኝ፣ ግን ውስጤ ደንዝዟል። ያቺን ፋይል ካስመለስኩ ሩሀማ ታውቀኛለች ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

በጭቃው ውስጥ ወደ እትዬ አሰለፈች ቤት ተሻገርኩ።

«እትዬ... ያቺን ፋይል ልቅዳት። አሁን አልቆርጥም፣ የእርስዎ አይነካም።»

«ቀስ በል» አሉ በሹክሹክታ። «ሰውዬው ጋደም ብሏል።»

ከትከሻቸው በላይ ላፕቶፑ ይታየኛል። ጠረጴዛው ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል።

«አሱ፣ ማነው?» አለ አንድ ድምፅ ከጓዳ።

እትዬ ፊቴን ረጅም ጊዜ አዩት። ያዘኑልኝ መሰለኝ።

«እንጃ... የማላውቀው ሰው ነው።»

በሩ ተዘጋ።

ደጃፉ ላይ የወንድ ጫማ አለ። አሁን የወለቀ ነው፣ ጭቃው አልደረቀም።

የእኔን ጫማ አየሁ።

በዚያ ሁሉ ዝናብ ተራምጄ መጥቼ... ደረቅ ነበር።