የማቪስ የመጨረሻ ክሩስኮት

ታምሲን እጇን ከእንጨቱ ላይ ስታነሳ ነገሩ አልቆ ነበር። በመኪናው ክሩስኮት ጠርዝ ላይ፣ መሪው ከሚገባበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ምስር የምታክል የነጣች ነጥብ ፈጥጣ ታያታለች። የብርጭቆ ወረቀቱ ዋልነት ከሚባለው ዛፍ የተላጠውን ስስ ልባጥ በልቶ ከሥር ያለውን ተራ እንጨት አግኝቶታል።

አይፈረድባትም። ልባጡ ስስ ነው ሲባል እንዲሁ ስስ አይደለም፤ አጠገቡ የተነፈሰ ሰው ጎረቤት ድረስ ሄዶ ይፈልገዋል። ታምሲን ደግሞ ሳይነጋ ከሊክ ከተማ በሚነሳው አውቶቡስ ስትንገላታ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስትፈገፍግ ከርማ ክንዷ የሌላ ሰው መስሏታል። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው፤ ትከሻዋ ግን ሰባ ሞልቶታል።

የሚሠሩት መኪና ዋጋው ከተማውን ከነከንቲባው ገዝቶ መልስ ይተርፈዋል። ውስጡ የሚለበጠው እንጨት ሁሉ ከአንድ ዛፍ ጉጥ ተልጦ በተራው የተደረደረ ነው። ሁለቱ ተከታታይ ልባጦች እንደ መጽሐፍ ሲገለጡ፣ የግራው ሥዕል ቀኙን በመስታወት ያየ ይመስላል። ስለዚህ አንዱ ሲበላሽ እሱን ብቻ መተካት የለም። ክሩስኮቱም፣ የአራቱ በሮች እንጨትም አብሮ ይጣላል፤ ሥራው ከሌላ ዛፍ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ይህን ዛፍ የመረጠችው የታምሲን አሠልጣኝ ማቪስ ናት። ማቪስ በሙያው ከማርጀቷ የተነሳ ጫካ ስትገባ ዛፎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ ይባላል። በሚቀጥለው ሳምንት ጡረታ ትወጣለች፤ ይህ ክሩስኮት የመጨረሻዋ ነው። ምስጋና ከአፏ በጥርስ ሐኪም ካልተነቀለ የማይወጣው ሴትዮ፣ ጠዋት እንጨቱን በመዳፏ ዳብሳ፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ባልሠራም አይቆጨኝም ብላ ነበር።

ታምሲን መታጠቢያ ቤት ገብታ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች። ስትመለስ ነጥቧ የለችም። አብሯት የሚማረው የዌልሱ ልጅ ዴዊ ቀጭን ብሩሽ ኪሱ ውስጥ እየከተተ ነው።

«ምን አደረግክ?»

«አዳንኩሽ። ሻይ አለብሽ።»

«ዴዊ፣ ይታያል እኮ።»

«ቫርኒሹን ከጠጣ በኋላ የወለደው ዛፍ ራሱ አይለየውም። አትነጫነጪ ባክሽ። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሁላችንም ሞተናል። አሮጊቷም በሰላም ትሂድበት።»

በዚያ ክፍል ልባጥ የበላ ሰው ስድቡን ጠጥቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ በቀለም የደበቀ ግን በዚያው ቀን ሽርጡን ፈትቶ ይሸኛል። ዴዊ ይህን እያወቀ ነው ብሩሹን ያነሳው፣ ያውም ለእሷ ብሎ። ደግሞስ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏታል። ቤቷ ገብታ ከነጫማዋ መተኛት ብቻ ነው የፈለገችው።

እንጨቱን አቅፋ ወደ ቫርኒሽ ክፍል አመራች። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ያዘቀዘቀችው ፀሐይ ክሩስኮቱ ላይ አረፈች። የዋልነት ጉጥ ብርሃን ሲነካው ዝም አይልም፤ ዞር ባደረጉት ቁጥር ጨለማው ይበራል፣ የበራው ይጨልማል። ታምሲን ዞር አደረገችው። ሁሉም ተንቀሳቀሰ። ያቺ ነጥብ ብቻ እንደ ሞተ ዓይን ባለችበት ቀረች።

ከበሩ አካባቢ ማቪስ ኮቷን እየለበሰች ጠራቻት። «ጨረስሽ፣ ዳክዬ?» በእንግሊዟ ስታፎርድሺር የተወደደም የተጠላም «ዳክዬ» ተብሎ ነው የሚጠራው።

«ትንሽ ቀረኝ» አለች ታምሲን።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰችና ጨርቅ ላይ አልኮል አፈሰሰች። ዴዊ ገባው፤ ፊቱ ከልባጡ ይበልጥ ሳሳ። እንዳታደርጊው እያለ በከንፈሩ ብቻ ለመናት። እሷ ግን ቀለሙ ሁሉ ጨርቁ ላይ እስኪቀር ድረስ በዝግታ ጠረገችው። ነጥቧ ብቅ አለች፤ እንዲያውም አሁን የባሰች ትመስላለች። ጨርቁን ጠቅልላ ዴዊ መዳፍ ውስጥ አስገባችው።

«ውጭ ጣለው» አለችው ቀስ ብላ። «ብሩሹንም። አንተ አላየህም፣ አልነካህም።»

«እብድ ነሽ።»

«ደክሞኛል። ሂድ።»

የኋላው በር እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ «ማቪስ፣ አንዴ ይምጡልኝ» አለች።

ማቪስ ኮቷን እየቆለፈች መጣች። ታምሲን ሳትጠየቅ ጣቷን ነጥቧ ላይ አደረገች። «እኔ ነኝ» አለች።

ሴትዮዋ ጎንበስ አለች። እንጨቱን ወደ መስኮቱ ዞር አደረገችው፣ መለሰችው፣ በአውራ ጣቷም ዳሰሰችው። ታምሲን ስድቡን ጠበቀች፤ ስድቡ ግን አልመጣም።

ከዚያም ያልተነካ ልባጥ ወዳለበት መደርደሪያ እያየች፣ የቆለፈችውን ኮት፣ ከላይኛው ቁልፍ ጀምራ፣ አንድ በአንድ ትፈታው ጀመር።