ለእሱ ንጹህ፣ ለአለቃው ጭምብል

ሟቹ በሚሠራበት የቢራ ጠመቃ ፋብሪካ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነው የተገኘው። የገደለው ከሚብላላው ቢራ የሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው፤ አይሸት፣ አይታይ። መርማሪዋ ስትደርስ የሟች እህት በካቴና ታስራ ጠበቀቻት። የፋብሪካው ቴክኒሻን እሷ ናት።

«የጋዝ ጠቋሚው የተነካካው በእሷ የይለፍ ቃል ነው» አለ የፈረቃው አለቃ።

መርማሪዋ ወደ እህቲቱ ዞረች። «ቃሉን ሌላ ማን ያውቀዋል?»

«ለእረፍት ስወጣ ለአለቃዬና ለዘበኛው ትቼላቸው ነበር፣ እትዬ።»

«ምኑ ነው የተነካው?»

«መሣሪያው የጋዙን መጠን ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ስክሪን ያለ ሽቦ ነው የሚልከው። ባትሪ እንዳይጨርስ ቁጥሩ ቢያንስ መቶ ካልጨመረ ወይም ካልቀነሰ አዲስ ነገር አይልክም። አሁን መቶውን መቶ ሺህ አድርገውታል።»

«ጋዙ ቢሞላስ?»

«ዝም ነው። ስክሪኑ የቀድሞውን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል።»

ዘበኛው ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ነበር።

«እኔ ምኑን አውቄው፣ እመቤቴ። ሟች ሊወርድ ሲል ‹ስንት ይላል?› ብሎ ጠየቀ። አለቃው ‹ንጹህ ነው፣ ውረድ› አለው። ሲቆይበት ‹ይሄ ሰውዬ ተኛ እንዴ?› እያለ ይዞኝ ሄደ።»

«ባዶ እጁን?»

«ያው፣ ያን የአየር ጭምብል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። እህቱማ ስትሰማ ባዶ ፊቷን ዘልላ ገባች። እንዲሁ ተከትያት ገብቼ በቀሚሷ ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም መቆጣጠሪያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ባትሪ ሊቆጥብ የፈለገ ሰው ጠቋሚዎቹን በሙሉ ይነካ ነበር። የተነካው ግን የምድር ቤቱ ብቻ ነው። ታስቦበታል ማለት ነው። ውስጥ ሞት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ባዶ ፊቱን አይገባም። እህቱ ገብታለች። ዘበኛውም እሷን ለማውጣት ገብቷል።» ወደ አለቃው ዞረች። «ስክሪንህ ንጹህ ነው እያለህ፣ መውደቁን ሳታይ፣ ጭምብሉን ምን አስያዘህ?»

«ጥንቃቄ ነዋ።»

«ለእሱ ሲሆን ‹ንጹህ ነው፣ ውረድ›፣ ላንተ ሲሆን ጥንቃቄ?»

አለቃው ቁጭ አለ። «ቦታዬን ሊሰጡት ነበር» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ካቴናው ከእህቲቱ እጅ ወጥቶ በእሱ እጅ ገባ። እሷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እናታችን አሁንም እኔ የገደልኩት ይመስላታል» አለች።

መርማሪዋ ነጠላዋን አጣፋች። «ተነሺ። ሌላው ይቆይ፤ መጀመሪያ እሷ ጋ ነው የምንሄደው።»