አሻግረኝ

ማነህ አንተ፣ ባለ ጃኬቱ? ሰልፉ አልንቀሳቀስ ቢል በእግሬ ላዝግም ነው ያልከው? ብቻህን? በዚህ ጨለማ? ቆይማ። ታክሲው እንደሆነ አልመጣም፣ መብራቱም ሄዷል። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው የደረሰበትን ልንገራችሁ።

ሰውየው አስቻለው ይባላል። አናጺ ነው። ነገሩ ከሆነ ቆይቷል፤ የከተማውን ስም አልነግራችሁም፣ ብነግራችሁ ነገ በዚያ አታልፉም። ክረምት ነው፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ለዓይን ያዝ አድርጓል። አስቻለው የአምስት ዓመት ልጁን ሐመልማልን ከመዋዕለ ሕፃናት ሊያመጣ በታክሲ እየሄደ ነው። እናት የላትም። ከእሱ ሌላ ማንም የላትም፤ እሱም ከእሷ ሌላ ማንም የለውም።

ታክሲው ቀለበት መንገዱን ይዞ ይበራል። ከኋላ ወንበር የአንዲት ሴት ድምፅ ቀስ ብሎ፣ «ወራጅ አለ» አለ። ረዳቱ አልሰማም። ደግሞ፣ «ወራጅ አለ።» አሁንም አልሰማም። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ድምፁ ለደከመ ሰው መጮህ ልማዳችን አይደል? አስቻለውም እንደ ማንኛችንም፣ «ኧረ ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸላት።

ታክሲው ቆመ። የሚወርድ የለም። አስቻለው ዞር ብሎ ቢያይ የኋላው ወንበር ባዶ ነው።

«ወራጅ ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለ ረዳቱ። «ውረዳ!»

«እኔ እኮ ለሴትዮዋ ነው...»

«የቷ ሴትዮ? ትራፊክ ሳይመጣብን ውረድ!»

ወረደ። የወረደበትን ዓይነት ቦታ ታውቁታላችሁ። የእግረኛ መንገድ የለም። ዜብራ የለም። በዚህ በኩል ረጅም ግንብ፣ መሀል ላይ የብረት አጥር፣ በግንቡና በመኪናው መካከል አንድ ክንድ ጭቃ። መንገዱን ለሠሩት ሰዎች፣ ሰው እግር እንዳለው የነገራቸው የለም መሰለኝ! መሻገሪያ ድልድዩ ገና ወደፊት ሩቅ ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ ግን ማዶ፣ ፊት ለፊት ይታያል። ሐመልማል ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች። ዘበኛው የክፍሎቹን በር ሊቆልፍ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«መጣሁልሽ» አለ በልቡ፤ ወደ ድልድዩ መራመድ ጀመረ።

ቸፍ፣ ቸፍ። ከኋላው ጭቃ የሚረግጥ አለ። ሲቆም ይቆማል። ሲሄድ ይሄዳል። ዞረ፤ ማንም የለም። እንደገና ቸፍ፣ ቸፍ። አሁን ትንፋሽም ይሰማል። ከዚያ አንድ እጅ እጁን ያዘው። ቀዝቃዛ፣ የረጠበ እጅ።

ነጠላዋን የተከናነበች አሮጊት ናት።

«አሻግረኝ፣ ልጄ።»

ድምፁ ያው የታክሲው ድምፅ ነው።

«እማማ፣ እዚህ ጋ አይሻገሩም። ድልድዩ ድረስ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

«ድልድዩንማ እስኪሠራ ስጠብቅ ስጠብቅ እዚሁ ቀረሁ» አለች።

የመኪና መብራት መጣ። ግንቡ ላይ ጥላ አለፈ። የቆሙት ስንት ናቸው? ሁለት። ጥላውስ? አንድ! የእሱ ብቻ! አስቻለው እጁን መነጨቀ።

«በስመአብ! አላሻግርም! ልቀቂኝ!»

«ተወው» አለች፣ ምንም ሳትቆጣ። «ያቺ ልጅ ታሻግረኛለች።»

ከአጠገቡ ጠፋች።

ቀና ቢል፣ ማዶ ሐመልማል አንድ እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች፤ ትልቅ ሰው እጇን እንደያዛት ሁሉ። ከጠርዙ ወረደች። አንድ እርምጃ። «ቁሚ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱን መኪናው ዋጠው። ሁለተኛ እርምጃ። እናንተ ብትሆኑ ድልድይ ፍለጋ ትሄዳላችሁ? አስቻለው ወደ መንገዱ ገባ፤ አጥሩን ዘለለ። እሷ አየችውና ቆመች። መኪናው ግን አልቆመም።

ዘበኛው የፍሬን ጩኸት ሰምቶ እየሮጠ ወጣ። ልጅቷ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደህና ቆማለች፤ ምንም አልነካትም። አስቻለው አጥሩ ሥር ተዘርግቷል። ዘበኛው፣ አባቷን እንዳታይ ብሎ፣ አቅፎ ዓይኗን በእጁ ሸፈነባት። እሷ ግን በጣቶቹ መካከል ወደ ግንቡ ታያለች።

«አይዞሽ እናቴ» አላት። «ምንድን ነው የምታዪው?»

«አባዬን» አለች። «ከሴትዮዋ ጋ ማዶ ቆሟል። ነይ ተሻገሪ እያለኝ ነው።»