ስሙ የተጠራ ቅጠል

ትርሲት በየጠዋቱ የባሏን ጉበት ታያለች። አንለይ ገና ቁርሱን ሳይቀምስ ጉበቱ ተመርዞ፣ ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

ከሐይቁ በላይ ሰማይ ላይ በተንጠለጠለችው አበባ አምራች ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም። አንለይን ጨምሮ እያንዳንዱ አበባ ረጪ ከገዛ ሥጋው የበቀለች፣ አውራ ጣት የምታህል ጉበት አለችው። «ቀማሽ» ይሏታል። ከባለቤቷ ደም በየማታው ጠብታ ትመገባለች፤ ነገ የሚረጨውን ፀረ-ተባይም ዛሬ ቀድማ ትቀምሳለች። ቢጫ ከሆነች ባለቤቷ በማግስቱ ከሥራ ያርፋል። ቀማሾቹን ሁሉ የምትቆጣጠረው ትርሲት ናት።

አንድ ሰሞን ቀማሾቹ ሁሉ ቢጫ ሲሆኑ የአንለይ ብቻ እንደ በግ ጉበት ቀልታ ተገኘች። ትርሲት ብልቃጡ የተበላሸ መስሏት ደጋግማ አጠበችው። ኋላ ግን አማቷ፣ እማማ የውብዳር፣ ለልጃቸው ማታ ማታ የሚያጠጡት መራራ ጭማቂ ትዝ አላት።

«ቅጠሉ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«አልነግርሽም። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይከሽፋል።»

«በዚህ ዘመን!» ብላ ሳቀች። «ሰው እያለቀ እኮ ነው!»

«ሳቂ! እኔ ልጄን ነው የማውቀው።»

ከተማ ሰማይ ላይ ቢሰቀልም አማትና ምራት ያው ናቸው። ትርሲት የኩባያውን አተላ ሰርቃ ለአሽታቹ አቀረበችለት። አሽታች ያገኘውን ቅጠልና ሥር ሁሉ አሽትቶ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራ ማሽን ነው። ጠራው። እሷም ሮጣ ለኃላፊው ለአቶ ናሁሰናይ ነገረች፤ ጭማቂው ለረጪው ሁሉ ታደለ፤ ቀማሾቹም ቀሉ። አማቷ ሰላምታ ነሷት፤ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ ከረመች።

አንድ ጠዋት ግን ሁሉም ቢጫ ሆነው አገኘቻቸው። የአንለይም ጭምር።

«ጉበታቸው መቻሉን አይተን ርጭቱን እጥፍ አደረግነው» አሉ አቶ ናሁሰናይ።

«ታዲያ አንለይ ነገ ያርፋል?»

«ዕረፍት ቀርቷል። መድኃኒት አለ አይደል? አንቺው ነሽ ያመጣሽልን። ጨምረው ይጠጡ።»

ቤት ስትገባ አማቷ በር ላይ ቆመዋል።

«ጠራሽው?»

«ጠራሁት።»

«እንግዲህ ልጄን ቅበሪልኝ!»

ረገሟት፤ እየረገሙም ከሌላ ማሰሮ ሌላ ቅጠል አውጥተው መውቀጥ ጀመሩ። ትርሲት ስሙን አልጠየቀችም። የረጪዎቹን ሚስቶች በጓሮ በኩል ጠራቻቸው፤ እነሱም ኩባያቸውን አስሞልተው፣ ሳይጠይቁ ሄዱ።

ቀማሾቹ እንደገና ቀሉ። ትርሲት ግን ኃላፊው ከመምጣታቸው በፊት በየብልቃጡ እርድ በጠበጠችበት። አቶ ናሁሰናይ መጥተው ቢያዩ ዳር እስከ ዳር ቢጫ! ሰንብተው ቢመለሱም ያው ቢጫ።

«መድኃኒቱም ከሸፈ፤ ረጪ ሁሉ ሊያልቅብን ነው! አበባውን ማን ሊረጭልን?» ብለው ደነገጡ። ርጭቱም ወደ ቀድሞው፣ ከዚያም በታች እንዲወርድ አዘዙ።

ይሄኔ አሽታቹ የትርሲትን ጣቶች አሽትቶ «እርድ!» ብሎ ጮኸ።

«ወጥ ሠርቼ ነው» አለች ትርሲት። ማሽኑ እውነቱን ተናገረ፤ ኃላፊው ግን እሷን አመኑ።

ማታ እማማ የውብዳር ጓዳቸውን ሲበረብሩ አገኘቻቸው።

«እርዴ የት ሄደ?»

ትርሲት ቢጫ ጣቶቿን አሳየቻቸው። አሮጊቷ ጣቶቿን አዩ፤ ቀጥሎም በሰላም የተኛውን ልጃቸውን አዩ።

«ሌባ!» አሏት። እንዲህ በፍቅር ሰድበዋት አያውቁም።