የአንድ ደቂቃ ዝምታ

የሠራተኛው የላኽዳር አስከሬን ቴምር በጋዝ ከተባይ ከሚጸዳበት ክፍል ሲወጣ ጥፍሮቹ ውስጥ የበሩ ቀለም ተሰግስጎ ነበር። መርማሪ ዘሊኻ ጎንበስ ብላ አየችውና አፍንጫዋን በሻሿ ሸፈነች። የሸተታት ግን ሬሳው አይደለም። ግድግዳው ሥር የተከመረው ሳጥን ሁሉ ትል ያፈላ፣ ሽሮፕ ተቀብቶ «የዘንድሮ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ ለረመዳን የተዘጋጀ ቴምር ነው። ላኽዳር ለጤና ቢሮ እናገራለሁ እያለ ከርሟል፤ ይህን ቶልጋ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ካቴናው የገባው ግን የጋዙን ፕሮግራም በጻፈችው በዋሲላ እጅ ላይ ነበር።

«የገደለው የእሷ ፕሮግራም ነው» አለ ጋዙን የሚያዘው ሐፊድ፣ የድርጅቱ ባለቤት የሐጂ መስዑድ የሚስት ወንድም። «ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ስክሪኑ ‹ክፍሉ ባዶ ነው?› ብሎ ይጠይቃል። በመስኮቱ ሳይ ላኽዳር ውስጥ ነው! ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንሳይኛውን አዎና አይደለም ብቻ፤ እኔ ደንግጬ በዐረብኛ አይደለም፣ አይደለም እያልኩ ጻፍኩ። አልገባውም፣ ለቀቀው።»

«በሩ አጠገብህ አይደል? መቀርቀሪያውም በውጭ በኩል ነው። ለምን አልከፈትክም?»

«እጄን ካነሳሁ ጊዜው ያልቅብኛል ብዬ ነዋ! ወላሂ፣ ጋዙ እስኪለቀቅ ጣቴ መጻፍ አላቆመም።»

«ምስኪን» አለች ዘሊኻ፤ ወደ ዋሲላ ዞረች። «ማንም ካልመለሰለትስ?»

«አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። ከዚያ ዝምታውን እንደ አዎ ይቆጥረዋል። እኔ ጋዙ እንዲዘጋ ነበር ያደረግኩት፤ ሐጂ ሥራ ይጓተታል ብለው አስቀየሩኝ።»

«ዝምታ የእሺታ ምልክት ነው፣ ልጄ» አለ ሐጂ መቁጠሪያውን እየቆጠረ። (አሉ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለ።) «ሙሽራ እንኳ ተጠይቃ ዝም ካለች ተስማምታለች ነው።»

ዘሊኻ ጋዙን ከምንጩ አስዘጋችና ሁሉንም ስክሪኑ ፊት ሰበሰበቻቸው። በዐረብኛ አይደለም ብላ ጻፈች። ስክሪኑ «ክፍሉ ባዶ ነው?» አለ። ደግማ ጻፈች፤ ደግሞ ጠየቀ።

«ያልገባው ነገር ሲጻፍለት መልሶ ይጠይቃል፤ ደቂቃውንም ከመጀመሪያው ይቆጥራል። ሐፊድ፣ እንዳልከው ሳታቋርጥ ብትጽፍ ኖሮ አሁንም ይጠይቅህ ነበር። ጋዙን የሚለቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አዎ ማለት፣ ወይም ደቂቃ ሙሉ ዝም ማለት። የትኛውን አደረግህ?»

ከዚያ እጇን ከቁልፎቹ አነሳች። ደቂቃው ሲሞላ የጋዙ መክፈቻ ቋ ብሎ ተከፈተ፤ ሐፊድ ዘሎ ተነሳ።

«አዎ ብዬ አልጻፍኩም! በሩን ቀርቅሬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ እንጂ ምንም አልነካሁም! ዝም ማለትም ግድያ ሆነ?»

«እሱ በር እየቧጠጠ?» አለች ዘሊኻ። ካቴናውን ከዋሲላ አውልቃ ለሐፊድ አጠለቀችለት።

ሐጂ ተነፈሰ። «አልሐምዱሊላህ፣ እውነቱ ወጣ። በይ ልጄ፣ ነገ ማልደሽ ነይና ማሽኑን አስነሽልን፤ ቴምሩ ሊበላሽብን ነው።»

ዋሲላ የቀላውን አንጓዋን አሸት አሸት አደረገች።

«አልመጣም» አለች፤ ድምጿ ደጅ ድረስ ተሰማ። «ነገ ጠዋት ጤና ቢሮ ነኝ። ላኽዳር ያየውን ሁሉ እኔም አይቻለሁ።»