የተበሳው ማጣሪያ

ርዕሰ መምህሩ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ለእንግዶቹ አሳዩ፤ ከዚያ ጨለጡት። ተጨበጨበ። ከረባት ያሰረ ሰው ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚያስጨበጭብ እንጃ። አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው ከሰኞ ጀምሮ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ከዚህ ማጣሪያ እንደሚጠጡ ተናገሩ። እንደገና ተጨበጨበ።

ከጠረጴዛው ጎን የቆመችው ተማሪ ግን አላጨበጨበችም። ከጠረጴዛው ሥር የጓደኛዋ ቦርሳ ዚፑ ተከፍቶ ነበር። ውስጡ ሦስት የታሸገ ውሃ ባዶ ጠርሙሶች አሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጆግ አየች፤ ጠርሙሶቹን አየች፤ ርዕሰ መምህሩ የጠጡት ከማጣሪያው የወረደ አልነበረም።

ክፍል ውስጥ «ቶርኖ» ይሏታል፤ አባቷ ቶርኖ ቤት ብረት ስለሚቀርጽ። ስሙን ያወጣችላት ይህችው ጓደኛዋ ናት። ጓደኛዋን ደግሞ «ፕሮፌሰሯ» ይሏታል። ስም ሲታደል እንደዚህ ነው፤ ለአንዱ ዘውድ፣ ለሌላው ግሪስ።

ማጣሪያውን ከአሮጌ በርሜል የሠሩት ሁለቱ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ከቆዳ ፋብሪካው በታች ነው። ውሃው ሲቀዳ እንደበሰበሰ ጫማ ይሸታል፤ ላዩ ላይ ንፍጥ የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል። የሳይንስ መምህራቸው እንደነገሯቸው ግን ክፉው የሚሸተው አይደለም፤ ክፉው በዓይን የማይታየው የቆዳ ማልፊያ መርዝ ነው። እሱን የሚይዘው ብረት ነው። ውሃው በብረት ፍቅፋቂ መሀል ቀስ ብሎ ሲወርድ ብረቱ ይዝጋል፣ መርዙም ከዝገቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አሸዋው የቀረውን ቆሻሻ ያጣራል።

ፍቅፋቂውን ያመጣው አባቷ ነበር። ዘይቱ እንዲለቅ በሳሙና ቀቅሎ፣ በእሳት ለብልቦ፣ በጆንያ ተሸክሞ። በርሜሉን ዞር ዞር ብሎ አየና አንድ ነገር ብቻ ነገራቸው።

«ብረቱን ለብቻው እንዳትደለድሉት። ከአሸዋ ጋር አደባልቁት። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ መተንፈሻ ካጣ ድንጋይ ነው የሚሆነው።»

ቶርኖ ቤት ዝናብ ያገኘው ግማሽ በርሜል ፍቅፋቂ በመዶሻ እንኳ አልፈርስ ብሎ ከነበርሜሉ እንደተጣለ አከለላቸው። ሃያ ዓመት ከብረት ጋር የኖረ ሰው ነው። ገና ከበሩ ሳይወጣ ፕሮፌሰሯ፣ «አባትሽ ስምንተኛ ክፍል አይደል ያቆሙት?» አለች። «ብረቱ አንድ ላይ ሲሆን ነው መርዙን በደንብ የሚይዘው። ሎጂክ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። አባቷ ሰምቷል። ባዶ ጆንያውን አራት ቦታ አጥፎ በብብቱ ያዘና ሄደ። እነሱም ብረቱን ለብቻው ደለደሉት። ከዚያ ወዲህ ስለ ማጣሪያው አንድ ቀንም አልጠየቃትም።

እንግዶቹ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ወደ ቢሮ ከሄዱ በኋላ ልጅቷ ጠርሙሶቹን ከቦርሳው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለች ፕሮፌሰሯ። «ውሃው ከሐሙስ ጀምሮ ጠብ አልል አለ። ብረቱን በፌሮ ዘንግ ስበሳው መውረድ ጀመረ፤ ግን ትንሽ ይሸታል። እንግዳ ፊት ምን ላቅርብ?»

«በቀዳዳው ከወረደ ብረቱን የት ነካው?»

«ኧረ ባክሽ አታካብጂ። እይው፣ ጥርት ብሏል እኮ።»

ልጅቷ የበርሜሉን ክዳን አነሳች። የላይኛውን አሸዋ በእጇ ዝቃ ባልዲ ውስጥ ጣለች። ከሥሩ ያገኘችው ብረት አልነበረም፤ ቡናማ ቅርፊት ነበር፤ እንደ ደረቀ ቁስል የጠነከረ፣ ላዩ የሚያሟልጭ። መሀሉ ላይ የፌሮው ቀዳዳ ተከፍቷል፤ ዙሪያው ብርቱካንማ አተላ አዝሏል። ጣቷን ስታስገባ እስከ መጨረሻው ሰመጠ። ስታወጣው ጥፍሯ ሥር የገባው ዝቃጭ ፋብሪካው ደጃፍ የሚሸተውን ይሸት ነበር።

ከታች ያለውን ቧንቧ ከፍታ ብርጭቆ ሞላች። እውነትም ጥርት ያለ ነው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ያው ሽታ ነው። ዞር ብላ ምራቋን ተፋች። ሰኞ ይህን የሚጠጡት የወተት ጥርሳቸው የወለቀ፣ ጠጡ ሲባሉ የሚጠጡ ልጆች ናቸው።

ፕሮፌሰሯ ጓደኛዋ የምታስበው ገብቷት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለሰኞ ሌላ ዘዴ እንደሚፈለግ፣ እንግዶቹ ቃል የገቡት ሽልማት እስኪሰጥ ብቻ ዝም እንዲባል ለመነቻት። ልጅቷ ብርጭቆውን አስቀምጣ ፌሮውን ስታነሳ የፕሮፌሰሯ ፊት ተለወጠ።

«ተናገሪ እሺ። ማን ላይ እንደሚያላክኩ ታያለሽ። ብረቱ የማን ነው? የአባትሽ። ቆሻሻ ፍቅፋቂ ያመጣው ሰውዬ ይሉታል።»

ይህ እውነት ነበር። አባቷን ማንም ለጭብጨባው አልጠራውም፤ ለጥፋቱ ግን ይጠሩታል። የታጠፈው ጆንያ ትዝ አላት። የራሷ ሳቅም ትዝ አላት፤ ከአተላው ይልቅ እሱ አስጠላት።

«አባቴ ምን እንዳለን እነግራቸዋለሁ» አለች። «ማን እንደሳቀበትም።»

«እኔንም ልታስጠሪኝ ነዋ?»

«የሳቅኩት እኔ ነኝ። ስለ ፌሮው አንቺ ተናገሪ። ከፈለግሽ ነይ።»

በፌሮው ቅርፊቱን ፈልቅላ የእንጀራ ቁራሽ የሚያክል ጓል አነሳች። በግራ እጇ ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ዝገቱ ነጩን ሸሚዟን አበላሸው። በቀኝ እጇ ብርጭቆውን ይዛ ኮሪደሩን ጀመረችው። ከኋላዋ ኮቴ የሰማች መሰላት፤ ዞራ ግን አላየችም።

ሁለቱም እጆቿ ስለተያዙ የርዕሰ መምህሩን በር በጫማዋ ጫፍ መታችው። ውስጥ ከእንግዶቹ ጋር ይሳሳቁ ነበር። ሳቁ ቆመ።

«ማነው?»

«የቶርኖ ሠራተኛው ልጅ ነኝ» አለችና ብርጭቆው እንዳይፈስ ተጠንቅቃ በሩን በትከሻዋ ገፋችው።