ከኬላው ወዲያ የሚከፍል መድን

የቶላ አስከሬን ከሱሉልታ ተመልሶ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ በቆመ አይሱዙ ላይ ተጋድሟል። ኢንስፔክተር ሸዋርካብሽ የሸፈነውን ጆንያ ገልጣ ፊቱን መረመረች። ሟቹ በርበሬ በረንዳ ጭነት ሲሸከም የኖረ ነው፤ አፍንጫና አፉ በርበሬው እንዳያፍነው እንደ ወትሮው በጨርቅ ታስሯል።

የመኪናው ባለቤት፣ የበርበሬ ነጋዴው ባህረዲን፣ የሱሉልታ ትራፊክ ፖሊስ የጻፈውን ወረቀት ዘረጋላት። ቶላ ጭነት ሊያወርድ አብሮ ሄዶ፣ ሾፌሩ ጎበዜ ወደ ኋላ ሲመልስ ሱሉልታ ላይ ገጭቶት ወዲያው ሞተ ይላል። ሚስቱ ሙሉነሽ ነገሩ ቶሎ እንዲዘጋ ለመነች። ሦስት ልጆች አሏት፤ መድኑ ካሳ እንደሚከፍላት ተነግሯታል።

ኢንስፔክተሯ ተሸካሞቹን ስትጠያይቅ አረፈደች። ከዚያ ነጋዴውን፣ ሾፌሩንና ሙሉነሽን በርበሬ በረንዳ ባለው የባህረዲን መጋዘን ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ ባህረዲን፣ መርካቶ የሚውል መኪና ታርጋው ለምን የክልል ሆነ?»

«የከተማው ታርጋ የመድን ዓረቦን እጥፍ ነው። መንግሥት ሁሉም መድን ይግባ ብሎ ሲያውጅ ዋጋውን እኩል አላደረገልን።»

«ውልዎ ከተማ ውስጥ ለደረሰ አደጋ ይከፍላል?»

«ከኬላው ወዲያ ብቻ ነው» አለ ባህረዲን ወረቀቱን እያጠፈ።

«በርበሬ የሚሸከም ሰው ከበረንዳው ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈታው አፍንጫውን ነው» አለች። «ቶላ አልፈታም፤ የተገጨው እዚህ ነው። እናንተ ጨርቁን በየቀኑ ስለምታዩት ልብ አላላችሁትም። ከውስጥ በኩል ደግሞ በደም አረፋ ርሷል። ብዙ ተንፍሷል ማለት ነው። በሕይወት እያለ ጭናችሁ፣ ሁለት ሆስፒታል አልፋችሁ፣ ውሉ ወደሚሠራበት ኬላውን አሻገራችሁት። ማነው ያዘዘው?»

ጎበዜ ጌታውን አየ። «እንጦጦ ላይ ውሃ ጠይቆኝ ነበር» አለና ፊቱን ሸፈነ።

«አይተርፍም ብዬ ነው» አለ ባህረዲን ቀስ ብሎ። «ካልቀረ ለልጆቹ ይሁን ብዬ። ለኔም። እኔ ከፍዬ አልዘልቀውም።»

ከሞቱ አሟሟቱ የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው።

ፖሊሶች ሁለቱን ይዘው ሲወጡ ሙሉነሽ ከጆንያው ክምር ላይ አልተነሳችም። ካሳውን ጠየቀች። ኢንስፔክተሯ አደጋው መርካቶ ስለደረሰ የመድን ድርጅቱ እንደማይከፍል ነገረቻት፤ ማመልከት እንደምትችልም አከለች። ለማን እንደሆነ ግን ራሷም አታውቅም።

«ታዲያ እውነቱን ያወጡት ለማን ብለው ነው?» አለች ሙሉነሽ።

ኢንስፔክተሯ የምርመራ ቅጹን አወጣች። ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አደጋው የደረሰበት ቦታ ከሚለው ፊት እስክሪብቶዋን አሳርፋ ሙሉነሽን አየቻት። ከዚያ በርበሬ በረንዳ ብላ ጻፈች።